ሽሪምፕ ለማርባት ለተነሳችሁ ልጆቼ

ባለፈው ቅዳሜ ቤቴ መጥታችሁ፣ ከገንዳው ፊት በርከክ ብላችሁ ሽሪምፖቼን፣ እነዚያን ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ቅርፊታም ትናንሽ ፍጥረታት፣ ብዙ ካያችሁ በኋላ «በስንት ወር ይባዛሉ?» ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። በወጉ አልመለስኩላችሁም። ጥያቄያችሁን ንቄ አይደለም። መልሱን ለማግኘት እኔ ሦስት ዓመት ስለፈጀብኝ ቡና እስኪወርድ ድረስ ተነግሮ የሚያልቅ አልመሰለኝም።

እንደምታውቁት ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በመጠጥ ውሃ ላቦራቶሪ ነው። ጡረታ ወጥቼ እዚህ ኮምቦልቻ ስቀመጥ 60 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አሠራሁና ዕፅዋት ተከልኩበት። ሁለት ወር ሳይሞላው ቅጠሉን ሁሉ ፀጉር የመሰለ አልጌ ወረሰው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የጌጥ ዓሣ ሻጭ «ይህን የሚበሉልህ አሉ» ብሎ አሥር ሽሪምፕ ሸጠልኝ። አማኖ የሚባሉት ናቸው። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዕፅዋት ገንዳዎቹ ውስጥ አልጌ እንዲበሉለት ከተጠቀመባቸው ከጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ከታካሺ አማኖ ነው።

በእርግጥም በሉ። ፊት ያሉት ትናንሽ እግሮቻቸው ጫፍ ላይ ብሩሽ የመሰለ ነገር አለ። ምስር ከሰፌድ ላይ እንደሚለቅም እጅ አንዱ ሲያነሳ ሌላው ወደ አፍ ያደርሳል፣ ሌሊትም ቀንም አያርፍም። ወንበሬን አስጠግቼ ሰዓት ሙሉ አያቸው ነበር። ከዚያ አንዷ ከሆዷ ሥር ከሺህ በላይ የሚሆን ደቃቅ እንቁላል ተሸክማ ብቅ አለች። ደስታዬን አልነግራችሁም። ከወር በኋላ እንቁላሉ ተፈለፈለ፤ በሳምንቱ ግን ከገንዳው ውስጥ አንድም አልቀረም። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። እኔ ውሃውን ወቀስኩ፤ ቀየርኩት፣ ለካሁት፣ እንደገና ቀየርኩት።

ነገሩ ሌላ ኖሯል። የአማኖ እጭ በተፈጥሮው ከወንዝ ተጠርጎ ባሕር ይገባል፤ በጨው ውሃ ውስጥ አድጎ፣ ትንሽ ሽሪምፕ ከሆነ በኋላ ሽቅብ ወደ ወንዙ ይመለሳል። በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ከጥቂት ቀናት በላይ አይኖርም። ከከተማችን ተነስቶ በባቲ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደውን መንገድ ባየሁ ቁጥር እነዚያ እጮች ትዝ ይሉኛል። የሚፈልጉት ባሕር ነበር፤ እኔ ደግሞ የቧንቧ ውሃ እያጠራሁ አቀርብላቸው ነበር። ውሃዬ ምንም አልጎደለውም። የፍጥረቱን ጠባይ ሳልጠይቅ ነበር ሁለት ዓመት የደከምኩት።

ስለዚህ እናንተ በቼሪ ሽሪምፕ ጀምሩ። ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ቀይ ናት፤ አልጌ በመብላት ከአማኖ ብታንስም እዚያው በጨው አልባ ውሃ ትራባለች። እናቲቱ ከ20 እስከ 30 እንቁላል ለአንድ ወር ያህል ትሸከማለች። የሚወጡት ልጆች ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ሆነው ቁርጥ እናታቸውን ይመስላሉ። በሦስትና በአራት ወር እነሱም ይወልዳሉ። የጠየቃችሁኝ ቁጥር ይኸው።

ቁጥሩ የሚሠራው ግን ውሃው ሲሠራ ነው። ገንዳ ሞልቶ በዚያው ቀን ሽሪምፕ ማስገባት እርሾ የሌለው ሊጥ ምጣድ ላይ እንደማፍሰስ ነው። ከምግብ ትራፊና ከእዳሪያቸው አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። በአሸዋው፣ በዕፅዋቱና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። ይህ እርሾ እስኪበስል ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። ዕፅዋቱን ተክላችሁ፣ አየር ፓምፑን አብርታችሁ፣ ቁንጥር ምግብ እየጣላችሁ ጠብቁ። ውሃው ጥርት ስላለ አትታለሉ፤ አሞኒያ በዓይን አይታይም።

አንድ የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። ለፋሲካ እንግዶች ይመጣሉ ብዬ ዋዜማውን ገንዳውን አፀዳሁ። ስፖንጁን ከቧንቧ ሥር አጠብኩ፣ ከግማሽ በላይ ውሃ ለወጥኩ። በሦስተኛው ቀን 43 ሽሪምፕ ሞተው ለቀምኩ። የአንዳንዶቹ ቅርፊት በአንገታቸው ዙሪያ እንደ ቀለበት ተሰንጥቆ፣ መውጣት አቅቷቸው ቀርተዋል። ውሃው ድንገት ሲለወጥባቸው ሳይዘጋጁ ቅርፊት ለመጣል ስለሚገደዱ ነው። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ባክቴሪያን ምን እንደሚያደርግ እየለካሁ የኖርኩ ሰው እርሾዬን በገዛ እጄ ገደልኩት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ከአንድ አሥረኛው በላይ ውሃ አልለውጥም። አዲሱን ውሃ አፉ በተከፈተ ባልዲ አንድ ቀን አሳድራለሁ፤ ስፖንጁን የማጥበው ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ ነው። አዲስ ሽሪምፕ ስታመጡ ከፋርማሲ ያልተነካ የጉሉኮስ ቱቦ ግዙ፤ የገንዳውን ውሃ ወደ ዕቃቸው ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ሁለት ሰዓት አለማምዷቸው። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት አጠገባቸው አይድረስ፤ ለዓሣ የሚሆነው መጠን እነሱን ይጨርሳል። የወባ ርጭት ቡድን ሰፈር ሲገባ ደግሞ ፓምፑን አጥፉ፣ ገንዳውን በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ ቤቱ በደንብ ሲናፈስ ግለጡት። ሽሪምፕ የነፍሳት ዘመድ ናት፤ ትንኝ የሚገድል ነገር እሷንም ይገድላል። የተጣለ ቅርፊት ስታዩ የሞተ መስሏችሁ አትጣሉት፤ ለካልሲየሙ መልሰው ይበሉታል።

ደሴ የምትኖረው ልጄ፣ ያንቺ ነገር ከጓደኞችሽ ይለያል። ከተማሽ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃሽ የሚይዘው ኦክስጅን በእኩል ሙቀት ከባሕር ጠረፍ ውሃ በሩብ ያህል ያንሳል። ዕፅዋቱም ሌሊት ኦክስጅን ይወስዳሉ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማልና ገንዳሽን አታጨናንቂ። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ መውለድ ቢያቆሙ አብሽሪ፤ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ይመለሳሉ።

ሽሪምፕ አፅጂ ሠራተኛ ናት የሚለውን ወሬ እኔ አልወደውም። አልጌ የሚበዛው ብርሃንና ምግብ ሲበዛ ነው። ገንዳውን ከመስኮት አርቁ፣ መብራቱን በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ አታብሩ። አልጌው ሲያልቅ ደግሞ እነሱ እንደሚራቡ አስታውሱ፤ በደንብ የታጠበና የተቀቀለ የቆስጣ ቅጠል ስጡ፣ የተረፈውን በነጋታው አውጡ።

ልትሸጡ ካሰባችሁ ቀዩን ከሰማያዊው ጋር አታኑሩ፤ ልጆቻቸው ትውልድ በትውልድ ወደ ጥንቱ ቡናማ ይመለሳሉ። ለገዢ የምትሰጡትን ዓይነትም በስሙ ንገሩ። አማኖን «ይራባል» ብሎ የሸጠልኝ ሰው የበደለኝን እናንተ በማንም ላይ አትድገሙ።

ሲበዙባችሁ ቦርከና ወንዝ ውስጥ አትድፉ፤ ሐይቅ ከተማ ስትሄዱም ይዛችሁ አትሂዱ። እዚያ ያለው ሐይቅ ውሃ መውጫ የለውም፤ የገባበት እንግዳ እዚያው ይቀራል። ባዕድ ፍጥረት አንዴ ከረባ ለቅሞ የሚጨርሰው የለም። ለእኔ መልሱልኝ፣ ቦታ አላጣም።

አሁን ገንዳውን አሠሩና ዕፅዋቱን ትከሉ። ሲሞላ ጠርሙስ ይዛችሁ ኑ፤ እርሾ ከጎረቤት እንደሚወሰድ ከእኔ ስፖንጅ ጨምቄ እሰጣችኋለሁ። ሽሪምፖቹን የምትወስዱት ግን ከወር በኋላ ነው።