ዘንጉን ከማንሳታችሁ በፊት ቀና በሉ

ልጆች፣ ደሴም ኮምቦልቻም ፎቁ በበዛ ቁጥር መስታወት ማጽዳት ጥሩ እንጀራ እየሆነ መጥቷል። እኔ በዚህ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። መጥረጊያውን ዘንግ ጫፍ ላይ ገጥማችሁ መሬት ቆማችሁ መሥራት ስትችሉ ረጅም መሰላል ተሸክማችሁ ስትሄዱ ሳይ ግን ሆዴ ይባባል።

የደሴን መሬት ታውቁታላችሁ፣ ዳገትና ቁልቁለት ነው። አንድ ክረምት ፒያሳ አካባቢ መሰላሌን አቆምኩና አንደኛው እግሩ መሬት አልደርስ ስላለ ድንጋይ ጎሰጎስኩበት። ባለቤቱ «ቶሎ በል» ይለኛል፣ እኔም ቶሎ አልኩ። ድንጋዩ ተንሸራተተ። የግራ እጄ አንጓ ተሰብሮ ሦስት ወር ሥራ ፈታሁ፣ ቤት ኪራዩን የከፈለልኝ ወንድሜ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘንግ የሚደርስበትን መስኮት በመሰላል ነክቼ አላውቅም።

ለጀማሪ ተስቦ የሚረዝም የአሉሚኒየም ዘንግ ይበቃል። በጣም ሲረዝም ግን ይለመጣል፣ ትከሻም ይበላል። ካርበን ፋይበር ከሚባለው ቁስ የተሠራው ዘንግ ቀላልና ጠንካራ ነው፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። ሁለቱም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፤ ይቺን በደንብ ያዙልኝ። መንገድ ዳር ከሚያልፉት ሽቦዎች ውስጥ 15 ሺህ ቮልት የተሸከሙ አሉ፣ እንዲገድሏችሁ ደግሞ የግድ መንካት የለባችሁም፣ መጠጋት ይበቃል። እንጨትም ቢሆን ከረጠበ አትመኑት። ሽቦ ፎቁን ተጠግቶ ካለፈ ሥራውን ተዉት፣ ብሩ ይቅር።

አሁን ውሃውን ከመስታወቱ ጠርጎ ወደሚያወርደው የመጥረጊያው ጎማ። ዛሬ የምንይዘውን ባለ አንድ ጎማ ቀላል መጥረጊያ ያወጣው ኤቶሬ ስቴኮኔ የሚባል አሜሪካ የገባ ጣሊያናዊ ነው፣ በ1936 እንደ ፈረንጆቹ። ከእሱ በፊት የነበረው ሁለት ጎማና ብዙ ብሎን ያለው ከባድ ብረት ነበር። መሣሪያው ቀለለ እንጂ ጎማው ዛሬም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጠዋት ጠዋት ጠርዙን በጥፍራችሁ ከዳር እስከ ዳር ዳብሱት። ጥፍራችሁ የሆነ ቦታ ላይ ያዝ ካደረገው፣ ያቺ የሰሊጥ ፍሬ የማታክል ጭረት መስታወቱ ላይ ከላይ እስከ ታች የውሃ መስመር ትተዋለች፣ እናንተም ታች ቆማችሁ ሳሙናውን ስትረግሙ ትውላላችሁ። ገልብጡትና በሌላው ጠርዝ ሥሩ። ሁለቱም ካለቁ ቀይሩት፣ አትሰስቱ።

አሠራሩ ላይ፣ መጀመሪያ አቧራውን በብዙ ውሃ አውርዱት፣ አሸዋ ላይ ከፈተጋችሁ መስታወቱን ትቧጥጡታላችሁ። ሳሙና ጥቂት ጠብታ ይበቃል፣ አረፋ ሲበዛ ጎማው ይንሸራተታል። ከዚያ ከላይ ወደ ታች ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፣ ሁለተኛው ስበት በመጀመሪያው ላይ ጣት ያህል ይደረብ። ግድግዳው ሥር አትለጠፉ፣ አንገታችሁ ያልቃል። በጣምም አትራቁ፣ ጎማው በደንብ አያርፍም። ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ ሳይበረታ ጀምሩና ጥላውን ተከተሉ፣ አለዚያ ሳሙናው ሳትደርሱበት ይደርቅባችኋል። ደሴ ደግሞ ጉም ሲወርድ መስታወቱ እንባ ያወጣል፣ እስኪገልጥ ሻይ ጠጡ።

ውሃ በዘንጉ ጫፍ የሚረጨው ብሩሽም አለ። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ጎማም ጨርቅም አይፈልግም፣ ታጥቦ ራሱ ይደርቃል። ግን ውሃው በማጣሪያ አልፎ ማዕድኑ መውጣት አለበት። በቧንቧ ውሃ ከሠራችሁ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ለመሞከር አንድ ጠብታ ጥቁር መስታወት ላይ ጣሉና ይድረቅ፣ ነጭ ቀለበት ከተወ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አብሽሩ፣ እጅ የሚለምደው በጥቂት ሳምንት ነው። ሰኞ ገበያ በኩል ስትሠሩ ካገኘኋችሁ መጀመሪያ የማየው ጎማችሁን ነው።