የአባትህን ቮልስ አትቁረጥ፦ ስለ ስፖርት መኪና ሬፕሊካ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የድሮ ስፖርት መኪና በሬፕሊካ፣ ማለትም አስመስለው በአዲስ፣ ከሚሠሩ ሰዎች ናቸው። የሁሉም ጭንቀት አንድ ነው፤ መኪናው የዘመኑን መልክ እንዲይዝ ይፈልጋሉ። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የፖርሽ 356 ስፒድስተር ሬፕሊካ ልሠራ ነው። የፋይበር ግላስ ቦዲውን አግኝቻለሁ። ከምን ልጀምር? (ከአዲስ አበባ)

ከዓመቱ ጀምር፣ ወንድሜ። ስፒድስተር የተሠራው ከ1954 እስከ 1958 ብቻ ነው። ጊዜው አጭር ይመስላል፤ ግን በመሃል ብዙ ነገር ተቀይሯል። የመጀመሪያዎቹ ባለ 16 ኢንች ቸርኬ ነበሩ። በ1955 መጨረሻ የተሻሻለው 356ኤ ሲመጣ ቸርኬው 15 ኢንች ሆነ። የኋላ መብራቱ ደግሞ እስከ 1957 መጀመሪያ ድረስ በየጎኑ ሁለት ሁለት ክብ፣ የንብ ቀፎ የሚመስል ነበር። ከዚያ በኋላ የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያለው አንድ መብራት ተተካ። እንግዲህ 1956 ካልክ ባለ 15 ቸርኬና የንብ ቀፎ መብራት ነው። 1958 ካልክ የእንባ ጠብታው ነው። ክቡንም ጠብታውንም ከየቦታው ለቃቅሞ የሰበሰበ መኪና፣ እያንዳንዱ ዕቃ እውነተኛ ቢሆን እንኳ፣ ፋብሪካ ወጥቶ የማያውቅ መኪና ነው።

ሌላው ነገር፣ ስፒድስተር የተወለደው ዋጋው እንዲረክስ ተብሎ ነው። ማክስ ሆፍማን የሚባል የኒውዮርክ አስመጪ ለአሜሪካ ገበያ ከ3,000 ዶላር በታች የሚሸጥ ፖርሽ ስጡኝ ብሎ ወተወተ። ስለዚህ የፊት መስታወቱ አጭርና የሚነቀል ሆነ። በሩ ላይ የሚወጣና የሚወርድ መስታወት የለም። የጣሪያው ሸራ ስስ ነው፤ ወንበሩም ቀላል። ውበቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሬፕሊካ የሚበላሸው ዕቃ ጎድሎት ሳይሆን ጌጥ በዝቶበት ነው። ወፍራም የቆዳ ወንበርና የእንጨት ዳሽቦርድ ስታስገባ ስፒድስተርነቱ ይጠፋል።

ፎቶ ስትሰበስብም በዘመኑ የተነሳ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ፈልግ። ታድሶ ለሽያጭ የቀረበ መኪና ያሳስታል፤ ያደሰው ሰው የተሳሳተውን አንተም ትደግመዋለህ።

ጥያቄ፦ የቮልሱ ሻንሲ ስንት ሴንቲ ይቆረጣል? ያለችኝ ቮልስ የአባቴ ነበረች፤ ሞተሯም ቦዲዋም ደህና ነው። (ከአዳማ)

ሠላሳ ሴንቲ። የስፒድስተር ሬፕሊካ ቦዲ የሚቀመጠው ባጠረ የቮልስ ሻንሲ ላይ ነው። በቮልስ የፊትና የኋላ ጎማ መሃል ያለው ርቀት 2 ሜትር ከ40 ነው፣ በ356 ላይ 2 ሜትር ከ10። ዝምድናው ድንገት የመጣ አይደለም። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። ልጁ ፌሪ 356ን ሲጀምርም ብዙ ዕቃ የወሰደው ከቮልስ ነው። 1302 ወይም 1303 የተባለችው ቮልስ ግን ለዚህ ሥራ አትመችም፤ የፊት እግሯ አሠራር ሌላ ነው።

ሻንሲው ሲያጥር የሚያጥረው ብረት ብቻ አይደለም። በሻንሲው መሃል ከፊት ወደ ኋላ በተዘረጋው ዋሻ ውስጥ የሚያልፈው የማርሽ ዘንግ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የእጅ ፍሬን ገመድ፣ የነዳጅ ቱቦ ሁሉ አብሮ ያጥራል። ከመበየዱ በፊት ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ለካው፤ ሁለቱ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ መኪናው ዕድሜ ልኩን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። አንድ ጋራዥ ውስጥ እንዲህ የሆነ አይቻለሁ። ቀለሙ ያማረ፣ ክሮሙ የሚያበራ መኪና ነበር፤ ግን መሪውን ለቀቅ ስታደርገው ወደ ግራ ይሄዳል። እንደገና ከመቁረጥ በቀር መላ አልነበረውም።

የሻንሲ ቁጥሩ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር፣ ዋሻው ላይ ተመቶ ነው ያለው። እሱን እንዳትነካው፣ እንዳይበየድበትም ተጠንቀቅ። ሊብሬህ የሚናገረው እሱን ቁጥር ነው።

አሁን ግን ልለምንህ፦ የአባትህን ቮልስ አትቁረጥ። ቦዲዋ ደህና የሆነ፣ ከአንድ ቤት ያልወጣች ቮልስ ራሷ የዘመኗን መልክ የያዘች መኪና ናት። አንተ በሬፕሊካ የምትፈልገውን እሷ በተፈጥሮዋ ይዛዋለች። አዲስ አበባና አዳማ ውስጥ ቦዲያቸው በዝገት ያለቀ፣ ባቲላሜራ ተስፋ የቆረጠባቸው ቮልሶች አሉ። ከነሱ አንዱን ግዛና ቁረጥ። የአባትህን እጠባት፣ ዘይት ቀይርላት፣ ንዳት።

ጥያቄ፦ አራት ቡሎን ወይስ አምስት ቡሎን ቸርኬ?

አምስት። ቮልስ በአብዛኛው እስከ 1967 ሞዴል ድረስ አምስት ቡሎን ነበረች፤ ከ1968 ወዲህ አራት ሆነች። የ356ም አምስት ነው፣ የቡሎኖቹ ክብ ስፋትም ያው 205 ሚሊ ሜትር ነው። የጎማ ልኩ እንኳ አንድ ነበር፤ 5.60 በ15። ዛሬ 165 በ15 ብትገዛ መልኩ ይጠበቃል። ሰፊና ዝቅ ያለ ጎማ አትግጠም፤ ቦዲው ያማረ ቢሆንም ከሩቁ ዓይን ይወጋል።

ጥያቄ፦ የምሠራው ባለ 289 (ኪዩቢክ ኢንች) ሞተር የኮብራ ስፖርት መኪና ሬፕሊካ ነው፣ በ1964 የሩጫ መልክ። የገዛሁት የኋላ ኮፈን ላይ ሁለት እብጠቶች አሉ። ጓደኛዬ "ጉድለት ነው፣ አስተካክለው" አለኝ። (ከቨርጂኒያ)

እባክዎ አያስነኩት! የኮፈኑ ትልቅ ቁም ነገር እሱ ነው። የዓለም አቀፉ የመኪና ፌዴሬሽን ደንብ መኪናው ልኩ የተወሰነ ሻንጣ እንዲይዝ ያስገድድ ነበር። ሻንጣው ሲገባ ኮፈኑ አልዘጋም አለ። ኮብራን የሚሠራው የካሮል ሼልቢ ኩባንያ ሰዎች ለሻንጣው ማዕዘን ቦታ እንዲገኝ ቆርቆሮውን ወደ ላይ አሳበጡት። እነዚያን ሁለት እብጠቶች ያየ አዋቂ መኪናው የየትኛው ሩጫ መልክ እንዳለው ወዲያው ይለያል።

የሚያሰጋው ሌላ ነው። ገበያ ላይ ያለው የኮብራ ዕቃ አብዛኛው የባለ 427ቱ ነው። እሱ በ1965 የመጣ ሌላ መኪና ነው ማለት ይቻላል፤ ሻንሲው ወፍራም፣ ሱስታው ጥቅል ሽቦ፣ የኋላ ትከሻው ሰፊ። የርስዎ 289 ከሥሩ በአግድም የተጋደመ ቅጠል ሱስታ ነው ያለው። በጎኑ ተዘርግቶ የሚታየው ረጅሙ ማርሚታም የ427 ነው። ሻጩ "የኮብራ ነው" ቢልዎ "የትኛው ኮብራ?" ብለው ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ በዘመኑ የወንበር ቀበቶ ብዙም ስላልተለመደ ልተወው?

አይሆንም። ቀበቶ ግጠም፣ ፍሬኑንም ባለ ሁለት መስመር አድርገው። አንዱ ቱቦ ቢፈነዳ ሌላው ያቆምሃል። ጥቁር ቀበቶ ወንበሩ ላይ ሲያርፍ መልኩን አይነካም። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ጥያቄ፦ የፖርሽ አርማ ኮፈኑ ላይ ብለጥፍ ችግር አለው?

እኔ አልለጥፍም። አርማው የኩባንያው ንብረት ነው። አንተ ሬፕሊካ መሆኑን ብታውቅም ከአንተ በኋላ የሚገዛው ላያውቅ ይችላል፤ ሊብሬው ደግሞ ቮልስ ነው የሚለው። ስትሸጥ በወረቀት "ሬፕሊካ" ብለህ ጻፍለት።

ጥያቄ፦ ገንዘቤ ሊያልቅ ነው። በትንሽ ወጪ መልኩን የሚያሳምር ምን አለ?

ብሎን። በዚያ ዘመን የጀርመን መኪና ላይ የሚታየው ብሎን አብዛኛው ራሱ ላይ አንድ ስንጥቅ ብቻ ያለው ነው፣ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ የሚፈታ። ባለ መስቀሉን ከሚታይበት ቦታ ሁሉ አውጣው። ስንጥቆቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲቆሙ ደግሞ እንዴት እንደሚያምር ታያለህ። ቀጥሎ ጌጆቹ፦ የ356ኤ ጌጅ ፊቱ ጥቁር፣ ቁጥሩ አረንጓዴ ነው። ነጭ ቁጥር ከሆነብህ ፊቱን ብቻ ማስቀየር ይቻላል። የፊት መብራቱ ውስጥ የገባውን ሰማያዊ የሚመስል ኤልኢዲ አውጣና የድሮውን ሞቅ ያለ ቢጫ አምፖል መልስበት። ማታ አብርተህ ከፊት ለፊት ቆመህ እየው፣ ፎቶውንም ላክልኝ።