ሲቢ ላይ (ሾፌሮች እርስ በርስ የሚያወሩበት ሬድዮ) ሩቅና ብርቅ ጣቢያ ለመያዝ

ጠያቂው ወንድማችን «ትራኬ ላይ ያለው ሲቢ አንዳንዴ የሩቅ አገር ሰው ያሰማኛል፣ ስጠራ ግን የሚመልስልኝ የለም፣ አምፕሊፋየር ልግዛ ወይ? ኢትዮጵያንስ መያዝ ይቻላል?» ብሏል።

አትግዛ። አሜሪካ ውስጥ ለሲቢ አምፕሊፋየር ክልክል ነው። ደግሞ ችግርህ የዋት አይመስለኝም።

መጀመሪያ ኤኤሙን፣ ማለትም የተለመደውን የድምፅ መላኪያ ዘዴ፣ ተወው። ኤኤም ላይ የሚፈቀድልህ 4 ዋት ነው፣ አብዛኛው ደግሞ ድምፅህን በማይሸከም ሞገድ ላይ ይባክናል። ሳይድባንድ (ያንን ሞገድ ትቶ ድምፁን ብቻ የሚልክ ዘዴ) ላይ 12 ዋት አለህ፣ እሱም ሙሉ በሙሉ ድምፅህ ላይ ይውላል። ሳይድባንድ ያለው ሬድዮ ፈልግና ቻናል 38 ላይ ሎወር ሳይድባንድ (LSB) አድርገህ አድምጥ። ሰው የሚጠራራው እዚያ ነው። ቻናል 6 ላይ የምትሰማቸው ጯሂዎች ጨዋታቸው ሌላ ነው፣ ከተፈቀደው በላይ ዋት ይጠቀማሉ፣ ባለ 4 ዋት ሰው እዚያ ጉሮሮውን ከማድረቅ በቀር ምንም አያተርፍም። ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ማውራት ድሮ በሕግ አይቻልም ነበር፣ የአሜሪካው የመገናኛ ተቆጣጣሪ ኤፍሲሲ በ2017 እ.ኤ.አ. አንስቶታል፣ ስለዚህ በዚህ በኩል አትስጋ።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ሲቢ የሚሠራበት 27 ሜጋኸርዝ ሞገድ ብዙውን ጊዜ ወደ ጠፈር ያመልጣል። ሩቅ የሚደርሰው ፀሐይ የላይኛውን አየር በኤሌክትሪክ ስትሞላውና ሞገዱ ተንጸባርቆ ሲመለስ ነው። ለዚህ ነው እንግሊዝ ያለውን ሰው ሰምተህ በሚቀጥለው ከተማ ያለውን ሾፌር የማትሰማው፣ ሞገዱ ከበላዩ ዘሎ ያልፋል። ሰመር ላይ፣ በተለይ ከሜይ መጨረሻ እስከ ኦገስት መጀመሪያ፣ በድንገት የሚከፈት ስኪፕ (እንዲህ ያለው የሞገድ ዝላይ) አለ። በአንድ ዝላይ እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር ያደርስሃል፣ ከዚያ ሰላምታህን ሳትጨርስ ሊዘጋ ይችላል። በመጸውና በዊንተር ደግሞ ረጅሙ ይመጣል፦ ከአሜሪካ ጠዋት ወደ አውሮፓ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ሃዋይና አውስትራሊያ። ይሄኛው በፀሐይ የ11 ዓመት ዑደት ይወሰናል። የአሁኑ ዑደት ጣራ የደረሰው በ2024 አካባቢ ስለሆነ ጨርሶ ሳይወርድ ተጠቀምበት። ማታ ላይ ግን ብዙም አትልፋ።

አንቴናው ላይ ገንዘብ ብታወጣ አይቆጭህም። ብዙ የትራክ ካቢን ፋይበርግላስ ስለሆነ የጎን መስታወት ላይ የታሰረ አንቴና መሬቱን፣ ማለትም ከሥሩ የሚያስፈልገውን ብረት፣ አያገኝም፣ ኤስደብልዩአሩን (ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል የሚያሳየውን ልኬት) ሳታስለካ አትነሳ፣ ከ2 በታች ይሁን። ስታደምጥ ኢንቨርተሩንና የስልክ ቻርጀሩን ንቀል፣ ሞተሩንም አጥፋ። ደካማ ጣቢያ የሚጠፋብህ በእነሱ ጩኸት ነው፣ ሰው ግን ሁሌ የሚያማርረው አየሩን ነው። ባሕር ዳር ፓርኪንግ ካገኘህማ ታድለሃል፣ ጨዋማ ውሃ ሲግናሉን ዝቅ ብሎ ሩቅ እንዲሄድ ያግዘዋል።

ብርቅ ጣቢያ ሲመጣ ሁሉም ባንዴ ይጮኻል፣ እሱ ጋ የሚደርሰው ልክ የመርካቶ ሚኒባስ ተራ ረዳቶች ጩኸት ነው። ዝም ብለህ ስማው። አውሮፓን ብቻ ከጠራ አትግባ። ሲግናሉ ከፍና ዝቅ ይላል፣ አንተ ጋ ከፍ ሲል አብዛኛውን ጊዜ እሱ ጋም ከፍ ትላለህ፣ ያኔ ግርግሩ ረገብ ሲልለት መለያህን አንዴ በአጭሩ ጥራና ማይኩን ልቀቅ። ከመለሰልህ ሲግናሉ እንዴት እንደሚሰማህና ያለህበትን ስቴት ንገረው፣ በቃ። የጭነትህን ታሪክ አትጀምርበት፣ ከኋላህ ወረፋ አለ። ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ጻፍ፣ መገናኘታችሁን የሚያረጋግጥ ካርድ ለመላላክ ያስፈልግሃል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ብዙዎቹ ብርቅዬዎች የሚገኙት 27.555 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ40ዎቹ ቻናሎች ውጪ ስለሆነ መስማት እንጂ መናገር አይፈቀድልህም።

ኢትዮጵያን በሲቢ አትጠብቅ። 5 ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ያለው ኢቲ3ኤኤ የአማተር (ፈቃድ ያላቸው የሬድዮ አፍቃሪዎች) ክለብ ጣቢያ ነው፣ እሱን ለማግኘት የአማተር ፈቃድ ያስፈልግሃል። የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ ነው፣ 26 ከመለስክ አለፍክ። ከሲቢ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው በ10 ሜትር ባንድ ከ28.3 እስከ 28.5 ሜጋኸርዝ በድምፅ እስከ 200 ዋት ይፈቅድልሃል። አምፕሊፋየር ልትገዛበት ያሰብከውን ብር እዚያ ላይ አውለው።