የገምጋሚውን እግር እዩ፦ ለመኪና ወዳድ ወጣቶች

ዕድሜዬን የጨረስኩት መኪና ሥር ተጋድሜ ነው። ሞላ፣ ሾክ፣ መሪ፣ ጎማ፤ ሥራዬ ይኸው ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ጋራዤ የምትመጡ ልጆች ቢኤምደብሊው ወይም የመርሴዲስ ኤኤምጂ ልትገዙ ስታስቡ መጀመሪያ የምታማክሩት ዩቲዩብን ነው። አልከፋኝም። ግን መኪናው ኩርባ ላይ እንዴት እንደሆነ ሲነግሯችሁ እንዴት እንደምትሰሙ ላጫውታችሁ።

ጎበዝ ገምጋሚ አለ፤ አልክድም። ሦስት መኪና በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ እያፈራረቀ የሚነዳ ሰው የመሪውን ክብደትና የኋላውን መወዛወዝ ከእኔም ከእናንተም በተሻለ ይለያል። ነገሩ ያለው የሚሰጠው መኪና ላይ ነው። አዲስ የቅንጦት መኪና ለጋዜጠኞች ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የአውሮፕላን ቲኬቱንም ሆቴሉንም የሚችለው አምራቹ ነው። መንገዱንም እሱ ይመርጣል። ጎማው አዲስ፣ አየሩ ልክ። ገምጋሚው ተገዝቷል አላልኩም። የቀረበለትን ነው የቀመሰው።

ደግሞም የዛሬ መኪና አንድ መኪና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን የቢኤምደብሊው ኤም ፋይቭ ውሰዱ። ሲነሣ አራቱም ጎማ ይሠራል። መንሸራተት የሚከላከለውን ሲስተም አጥፍታችሁ ከመረጣችሁ ግን ጉልበቱ በሙሉ ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል። ሾኩን ማጠንከር፣ መሪውን ማቅለል ሁሉ በቁልፍ ነው። «ኤም ፋይቭ ኩርባ ላይ እንዲህ ነው» ሲሏችሁ የትኛው ኤም ፋይቭ? የ2024ቱማ ከ2.4 ቶን በላይ እንደሚመዝን የተሰማ ጊዜ ስንቱ መሪውን ሳይጨብጥ ፈረደበት።

የምር ፈተና ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኮንሱመር ሪፖርትስ የሚባለው፣ ዕቃ እየፈተነ ለገዢ የሚመክረው የአሜሪካ ድርጅት፣ ሌክሰስ ጂኤክስ 460ን ፈተነ። ስፖርት መኪና አይደለም፤ ትልቅ የቅንጦት ጂፕ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚፈትኑትን መኪና እንደ ማንኛችንም በገንዘባቸው ነው የሚገዙት። ፍጥነት እየጨመሩ ኩርባ ውስጥ ይገቡና መሃል ላይ ድንገት እግራቸውን ከነዳጅ ላይ ያነሣሉ። የደነገጠ ሹፌር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ያን ጊዜ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማ ይቀላል፣ ጭራው ይወጣል። ጂፑ በጎኑ ሊዞር ጥቂት እስኪቀረው ድረስ የመንሸራተት መቆጣጠሪያው አልደረሰለትም። አራት መሐንዲሶች ነዱት፤ አራቱንም ገጠማቸው። «አትግዙ» ብለው ጻፉ። የሌክሰስ ባለቤት ቶዮታ ሽያጩን አቁሞ ሶፍትዌሩን አስተካከለ። እነሱም ደግመው ፈትነው ማስጠንቀቂያውን አነሡ።

የመጀመሪያው አውዲ ቲቲ ግን ስንት ተወድሶ፣ በከፍተኛ ፍጥነት የኋላው እንደሚቀል በደንብ የታወቀው የጀርመን አውራ ጎዳና ላይ አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው። የኋላ ክንፍና ማረጋጊያ ሲስተም የተጨመረለት ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለዚህ ቪዲዮ ስታዩ ጭሱን ተዉት፤ የሰውየውን እግር እዩ። ኩርባ መሃል ነዳጅ ለቀቀ? የተጎሳቆለ አስፋልት ላይ ፍሬን ያዘ? ዝናብ ነበር? የጎማውን ስም ተናገረ? ይህን ካልነገራችሁ «ሐዲድ ላይ ያለ ይመስላል» ማለቱ ምንም አይፈይድላችሁም።

በቅርቡ አንድ ልጅ ያገለገለ ኤኤምጂ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ገምጋሚዎቹ ዋሽተዋል፤ መኪናው ይቅበዘበዛል» አለኝ። ወደ ላይ አነሣሁትና የኋላ ጎማውን የውስጥ ጠርዝ በጣቴ ዳሰስኩ። ከውጭ ስታዩት ጥርሱ ደህና ነው፤ ከውስጥ ሽቦው ወጥቷል። የፊቱም ሌላ ፋብሪካ የሠራው ርካሽ ጎማ ነው። ገምጋሚው ይህን መኪና መቼ ነዳው?

ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ ጎንበስ ብላችሁ አራቱንም ጎማ ከውስጥ እዩ። ከዚያ በየቀኑ በምትሄዱበት መንገድ ንዱት፤ ጉድጓዱንም፣ የሐይዌይ መግቢያውን ጥምዝም አትለፉ። ሻጩ አጠገባችሁ ተቀምጦ ሙዚቃ ከከፈተ አስዘጉት። ከሥር የሚመጣውን ድምፅ ነው የምትፈልጉት።