መጀመሪያ መዝኑ፣ ወሬውን በኋላ ስሙ

ስለ አሮጌ የብር ሳንቲም የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ከጊዜ ወደ ጊዜ በዝተዋል። ጠያቂዎቹ ሀብታም ሰብሳቢዎች አይደሉም። አያቶቻቸው በመዳፋቸው የያዙትን ገንዘብ ሁለት ሦስት ፍሬ ገዝተው ቤታቸው ማስቀመጥ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። እኔም የጀመርኩት እንደዚያው ስለሆነ በደስታ ነው የምመልሰው።

«ሻጩ ማርትሬዛው በ1780 የተሠራ ነው፣ ከ240 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ብሎ ዋጋውን ሰቀለብኝ። እውነት ነው?» (ከአዲስ አበባ)

1780 የሚል መጻፉ እውነት ነው። ዕድሜው ግን ከዚያ አይታወቅም። ሳንቲሙ ላይ መልኳ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ያረፈችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከሞቷ በኋላ የተሠራው ማርትሬዛ (ጠገራ ብር የምንለው) ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ያለው ነጋዴ የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልማ! ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ ዙሪያውን ዘጠኝ ዕንቁ አለው፤ እሱን እየቆጠረ የሚቀበል ሰው ነበር።

የተሠራበትም ቦታ ቪየና ብቻ አይደለም። ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. የቅርጹን መሣሪያ ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ውስጥ ማሠራት ጀመረ፤ ጦሩ እዚህ ገበያ ላይ እህልና በቅሎ የሚገዛበት ገንዘብ ይኸው ነበርና። እንግሊዞችም ዝም አላሉም፣ መጀመሪያ ለንደን፣ ቀጥሎ ቦምቤይ፣ ኋላም በርሚንግሃም ውስጥ አሠሩት። ቪየና ደግሞ ዛሬም ትሠራዋለች። ስለዚህ እጅህ ላይ ያለው የአድዋ ዘመን ሰው የያዘው ሊሆን ይችላል፣ አባትህ ከተወለዱ በኋላ የወጣም ሊሆን ይችላል።

ይሄ ለአንተ ጥሩ ዜና ነው። ብዛት ስላለው ዋጋው መጋነን የለበትም። ክብደቱ 28.07 ግራም ነው፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፣ የቀረው መዳብ። ይህም 23.4 ግራም ንጹሕ ብር፣ ማለትም የአንድ አውንስ (ብርና ወርቅ የሚመዘንበት፣ 31.1 ግራም) ሦስት አራተኛ ይሆናል። የዕለቱን የብር ማዕድን ዋጋ በአውንስ ተመልከትና በ0.75 አባዛው። ከዚያ ላይ ትንሽ ቢጨምርብህ ያለ ነው። እጥፍ ከጠየቀህ ግን የምትገዛው ወሬውን ነው፤ አመስግነህ ውጣ።

«ፎርጅዱን በምን ልለየው? ባለሙያ አይደለሁም።» (ከሐዋሳ)

ባለሙያ መሆን አያስፈልግሽም። ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ግዢ፣ ግራሙን ቢያንስ እስከ አንድ አስረኛ የሚያሳይ ይሁን። እኔ አንድ ጊዜ መልኩ በጣም የሚያምር «የምኒልክ ብር» ሳልመዝን ገዝቼ ቤት ስደርስ 22 ግራም ሆኖ አገኘሁት። ትክክለኛው 28 ግራም አካባቢ ነው። ያን ቀን በጣም አዝኛለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ከቦርሳዬ ወጥቶ አያውቅም።

ከሚዛኑ ቀጥሎ ማግኔት ነው። ብር በማግኔት አይሳብም፤ ከተሳበ ነገሩ እዚያው አለቀ። ካልተሳበ ደግሞ ገና ነው፣ ምክንያቱም ነሐስም እርሳስም አይሳቡም። ጠርዙን ዙሪያውን እያዞርሽ እይው። ማርትሬዛ ጠርዙ ላይ በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል የፈጠጠ ጽሑፍ አለው። በቀላጭ ብረት የተገለበጠ ፎርጅድ ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ይጋለጣል፣ ጽሑፉ ይደበዝዛል ወይም የመጋጠሚያ መስመር ይታያል።

አሁንም ከተጠራጠርሽ የውሃ ዘዴ አለ። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይሄንን ነው። ብርጭቆ ውሃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጪና ወደ ዜሮ መልሺው። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስረሽ፣ ታችም ጎንም ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አንጠልጥዪው። ትክክለኛ ማርትሬዛ ከሆነ ሚዛኑ 2.7 ወይም 2.8 ግራም ያሳያል። 3.1 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ውስጡ ነሐስ ወይም የኒኬልና የመዳብ ቅይጥ ሳይሆን አይቀርም። 2.5 አካባቢ ከወረደ እርሳስን ጠርጥሪ። አሲድ ጠብ የሚያደርግልሽ ሰው ካለ ግን አትፍቀጂ፣ ጠባሳው አይለቅም።

«የምኒልክን ሳንቲም እወዳለሁ፣ ግን ሙሉው ብር ዋጋው አይቀመስም።» (ከጎንደር)

እውነትህን ነው፣ ፎርጅዱም ይበዛል። ግርሹን ፈልግ! ትንሽዬ ናት፣ ክብደቷ 1.4 ግራም ብቻ፤ ግን የንጉሠ ነገሥቱም መልክ አለባት፣ አንበሳውም «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ከሚለው ጽሑፍ ጋር አለ። ፲፰፻፺፭ የሚለው ዓመት ያለባት በሚሊዮኖች ስለተሠራች እንደ ልብ ትገኛለች፤ ተፈትጋ የሳሳችውን ደግሞ በርካሽ ትገዛለህ። ሌላ ጊዜ ገንዘብ ሲገኝ ወደ ሩቡ፣ ከዚያም ወደ አላዱ (ግማሽ ብሩ ማለት ነው) ማለፍ ትችላለህ።

የግዕዝ ቁጥር ማንበብ ለእኛ ትልቅ ጥቅም አለው። ውጭ አገር ያሉ ብዙ ሻጮች አያነቡትም፤ ካነበቡትም በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ይረሳሉ። ፲፰፻፹፯ 1887 ነው፣ በእነሱ 1894 ወይም 1895 ላይ ይወድቃል። የመጀመሪያዎቹ የምኒልክ ብሮች ፓሪስ የተቀረጹት ያኔ ነው።

«ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ አለኝ። ከእሱ ጋር በትንሽ ወጪ ልጀምር ብዬ ነው።» (ከሜሪላንድ)

ካለህበት ጀምር ወንድሜ። አሜሪካ ውስጥ እስከ 1964 ድረስ ያሉት ዳይምና ኳርተር (የ10 እና የ25 ሴንት ሳንቲሞች) 90 በመቶ ብር ናቸው፤ ሳንቲም ሻጮች ብዙ ጊዜ በውስጣቸው ባለው ብር ዋጋ ነው የሚሸጧቸው። የ1965 እስከ 1970 የኬኔዲ ግማሽ ዶላር 40 በመቶ ብር ነው። እሱን እንደ 90 በመቶው አድርገው እንዳይሸጡልህ ዓመቱን እይ።

ቀጥሎ ለልጅህ የእኛን 50 ሳንቲም ግዛለት። ፲፱፻፴፮ የሚል ዓመት አለው፣ ፊት ለፊቱ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ጀርባው ላይ አንበሳ። ፊላደልፊያ ውስጥ ነው የተሠራው፤ ብሩንም አሜሪካ በጦርነቱ ጊዜ በብድር የሰጠችው ነው። ሁለቱ አገሮቹ በአንድ ሳንቲም ላይ ሲገናኙ ለአንድ ሕፃን የሚነገር ደስ የሚል ታሪክ ነው። ክብደቱ 7 ግራም ነው። መጀመሪያ 80 በመቶ፣ በኋላ 70 በመቶ ብር ሆኖ ወጥቷል፤ ዓመቱ ግን አልተቀየረም። ስትገዛ በ70ው አስላ፣ አትጎዳም።

«25 ሳንቲሙ ለምን ጠርዙ እንደ አበባ ሆነ? እሱስ ብር ነው?» (ከድሬዳዋ)

መዳብ ነው። መጀመሪያ ድፍን ክብ ነበረ፣ መጠኑም ከ50 ሳንቲሙ ጋር እኩል። ታዲያ ብልጣ ብልጦች ብር ቀብተው እንደ 50 ሳንቲም ማስተላለፍ ጀመሩ። በዚህ የተነሣ ጠርዙ እንዲቆራረጥ ተደረገ። ዛሬም ብር የተቀባ ክብ 25 ሳንቲም ሊያጋጥምሽ ስለሚችል «፶» ወይም «ሃምሳ» የሚለውን ሳታነቢ ገንዘብ አታውጪ። ፲፱፻፳፫ የሚል ዓመት ያለው 50 ማቶናም (ማቶና ያኔ የብር መቶኛ ነበር) ነጭ ሆኖ ብር ይመስላል፣ ግን ኒኬል ነው። ማግኔት ይስበዋል።

«ለእህቴ ወደ ውጭ ይዤላት ልሂድ?» (ከመቀሌ)

ሳትጠይቂ አትያዢ። በቅርስ አዋጁ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። መጀመሪያ የቅርስ ባለሥልጣን ሄደሽ ሳንቲሙን አሳዪያቸውና የሚሉሽን በወረቀት ያዢ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከመጨቃጨቅ ይሻላል።

«እናቴ ትተውልኝ ያለፉት አምስት ጠገራ ብር አለ። አንዱ ማንጠልጠያ ተበይዶበት አንገታቸው ላይ ያስሩት ነበር። ጥቁር ሆኗል። በአመድና በሎሚ ልፈትገው? ማንጠልጠያውንስ ላስነቅለው?» (ከደብረ ብርሃን፣ የ68 ዓመት እናት)

እማማ፣ እባክዎ አይፈትጉት። አመድም፣ ሎሚም፣ የጥርስ ሳሙናም ላዩን ይልጡታል፤ ያ የተላጠ መልክ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ጥቁሩ ቆሻሻ አይደለም፤ ብር ዓመታት ሲቆይ እንዲያ ነው የሚሆነው፣ የሚያውቅ ገዢም ይመርጠዋል። ጭቃ ወይም ቅባት ካለበት ብቻ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ነከር አድርገው በንጹሕ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርገው ያድርቁት፣ አያሹት። በላስቲክ ከረጢት አያስቀምጡት፣ በጊዜ ብዛት አረንጓዴ ነገር ያወጣበታል። እያንዳንዱን ለብቻው በወረቀት ኤንቨሎፕ አድርገው ደረቅ ቦታ ያኑሩት።

ማንጠልጠያውንም ይተዉት። ሰብሳቢዎች የተበየደበትን በርካሽ ነው የሚገዙት፣ ቢያስነቅሉትም የብየዳው ምልክት ስለሚቀር ዋጋው አይመለስም። ይልቅ አንጥረኞች ስንቱን ጠገራ አቅልጠው መስቀልና አምባር እንደሠሩበት ሳስብ፣ የእናትዎ ሳይቀልጥ መቆየቱ ደስ ይለኛል። ኤንቨሎፑ ላይ ስማቸውን፣ የት ሀገር እንደነበሩና በየትኛው በዓል ያስሩት እንደነበር ዛሬውኑ ይጻፉበት፣ ወይም የልጅ ልጅ ያጽፉ።