«ሃላፊው ፊልድ ናቸው»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

እንዴት ሰነበታችሁ፣ ክረምቱስ እንዴት ይዟችኋል። የዚህ ወር ደብዳቤዎቻችሁ ግማሾቹ የውሃ ናቸው፣ የቀሩት ደግሞ የቀበሌና የማዘጋጃ ቤት። እኔ ደግሞ ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ጡረታ እስክወጣ ድረስ መዝገብ ቤት ተቀምጬ የፋይል አቧራ ስቅም የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ጥያቄው ለትክክለኛው ሰው ነው የመጣው ማለት ነው። የከተማና የመስሪያ ቤት ስም የጻፋችሁትን አውጥቼዋለሁ፣ እንዳትቀየሙኝ። ከተሞቻችን ትንንሽ ናቸው፣ ነገ ተመልሳችሁ እዛው ቢሮ በር ላይ ነው የምትቆሙት።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው የምኖረው፣ ባለቤቴ አስተማሪ ነው፣ እኔ ቤት ውስጥ እንጀራ ጋግሬ ለሆቴሎች አስረክባለሁ። ውሃ በፈረቃ ነው፣ በሳምንት አንዴ ከመጣ ተመስገን ነው፣ አንዳንዴ አስራ አምስት ቀንም ይጠፋል፣ ያን ጊዜ በአህያ ከምንጭ እናስመጣለን። ቢሌ ከ4 እና ከ5 ኩብ አልፎ አያውቅም ነበር፣ ያለፈው ወር ግን 23 ኩብ ብሎ መጣ። ቢሮ ስሄድ ልጅቷ «ቆጣሪ አይዋሽም» አለችኝ። ሃላፊውን ላናግር ብል አንድ ቀን ስብሰባ ናቸው፣ አንድ ቀን ፊልድ ናቸው፣ አንድ ቀን ነገ ነይ። እንዳልከፍል ይቆርጡብኛል፣ እንድከፍል ብሩ የልጆቼ ደብተር ነው። ምን ላድርግ?
*እንጀራ ጋጋሪዋ*

መልስ፦ የኔ እህት፣ መጀመሪያ ሂሳቡን እንየው። 1 ኩብ 1,000 ሊትር ነው፣ በዛች በምናውቃት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን 50 ጀሪካን። 23 ኩብ 1,150 ጀሪካን ሆነ፣ ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 38 ጀሪካን። እንጀራ አይደለም ለሰርግ የሚሆን ጠላ በየቀኑ ብትጠምቂ እንኳ ይሄን ያህል አትጨርሺም፣ ያውም በሳምንት አንዴ ብቅ በሚል ውሃ! ልጅቷ ያለችው ግን እውነት ነው፣ ቆጣሪ አይዋሽም። ነገር ግን ቆጣሪ ውሃና አየር አይለይም፣ የሚያነበው ደግሞ ሰው ነው።

አሁን ቢሉን ይዘሽ ወደ ቆጣሪው ውረጂ። ክዳኑን ክፈቺና መስታወቱን በነጠላሽ ጫፍ ጥረጊው፣ ሁልጊዜ ጭቃ አያጣውም። ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሙሉ ኩቡን ነው የሚናገሩት፣ ቀዮቹ ከኩብ በታች ያለውን ነው፣ እነሱን ለጊዜው ተያቸው። ቢሉ ላይ «የአሁን ንባብ» የሚል ቦታ አለ፣ ለምሳሌ 412 ይላል እንበል። ቆጣሪሽ ዛሬ 396 ላይ ካለ በቃ ነገሩ አለቀ፣ ሳያዩ በግምት ነው የጻፉት፣ ምክንያቱም የዛሬው ቁጥር ካለፈው ወር ቁጥር ሊያንስ አይችልም። ወዲያው በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ ባለቤትሽም ይይ ጎረቤትም ይይ።

ቁጥሩ እኩል ከሆነ ወይ ከበለጠ ደግሞ የድሮ ቢሎችሽን ከሳጥን አውጪ። አንባቢው ሁለት ሶስት ወር ሳይመጣ (በሩ ተቆልፎ ነበር ይላሉ፣ ውሻው ከለከለኝ ይላሉ፣ እኛ ዘንድ አንዱ በግ ፈርቼ ነው ብሎ ጽፎ ያውቃል) 4፣ 4፣ 4 እያለ ሲሞላ ይከርምና አንድ ቀን መጥቶ በደንብ ሲያነበው የወራቱ ሁሉ ባንድ ወር ላይ ይቆለላል። ይሄ ጉዳት አለው፣ ምክንያቱም የውሃ ታሪፍ በደረጃ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኩቦች በርካሽ ይታሰባሉ፣ ከዛ በላይ ያለው በተወደደ። በአራት ወር ተከፋፍሎ ቢሆን ርካሹ ላይ የሚያርፈው ውሃ ባንዴ ሲመጣ ውድ ዋጋ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ስትጽፊ «አልከፍልም» አትበይ፣ «የተጠቀምኩት ለየወሩ ተከፋፍሎ ይሰላልኝ» በይ። ይሄ ቃል ቢሮ ውስጥ ይገባቸዋል።

ሌላው አየሩ ነው። ብዙ ሰው ውሃ ሲጠፋ ቧንቧውን ከፍቶ ከስሩ ባልዲ አስቀምጦ ይተኛል፣ ሌሊት ሲመጣ በድምጹ ልንነቃ ነዋ። እኔም ቤት እንደዛው ነበር። ግን ባዶ መስመር ውስጥ ያለውን አየር ውሃው ከኋላ እየገፋ ሲያመጣው ቆጣሪሽን እንደ ጋሪ ጎማ ያሽከረክረዋል፣ ያ ፉጨት የምትሰሚው የብርሽ ድምጽ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ውሃ ሲጠፋ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ቫልቭ ዝጊ፣ ሰፈሩ ውሃ መጣ ብሎ ሲንጫጫ ትንሽ ቆይተሽ ቀስ አድርገሽ ክፈቺ። ደግሞ ውሃ ባለበት ቀን ሁሉንም ቧንቧ ዘግተሽ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ሶስት ማዕዘን ወይ ኮከብ መሳይ ነገር እያት። ሁሉም ተዘግቶ እሷ ከዞረች ከቆጣሪው ወዲህ በራስሽ መስመር ላይ የሚፈስ አለ ማለት ነው፣ ያን ጊዜ ጥሪው ለቧንቧ ሰራተኛ ነው እንጂ ለቢሮ አይደለም። እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው።

አሁን ወደ «ነገ ነይ» እንምጣ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው ይባል የለ፣ ቢሮም የራሱ ሰምና ወርቅ አለው። «ሃላፊው ፊልድ ናቸው» ሰሙ ነው፣ ወርቁ «የያዝሽው ወረቀት የለም፣ ስለዚህ አልመጣሽም» ነው። አንቺ አራት ጊዜ ተመላልሰሻል፣ ለቢሮው ግን አንድም ጊዜ አልሄድሽም፣ ምክንያቱም የትም አልተጻፈም። በቃል ያለ ይረሳል በጽሁፍ ያለ ይወረሳል የሚባለውን የቆሎ ተማሪ ብቻ አይደለም የሚያውቀው፣ መዝገብ ቤትም ያውቀዋል።

አንድ ገበሬ ነበሩ፣ ስማቸውን አልጠራም። እኛ ቢሮ ሲመጡ ሁልጊዜ ማመልከቻቸውን በሁለት ኮፒ ይዘው ነው፣ ፊደል አይቆጥሩም፣ ራፖር ጸሐፊው ጋ አስጽፈው ነው። አንዱን ሰጥተው ሌላኛው ላይ ገቢ ቁጥርና ቀን ካልተጻፈበት፣ ማህተም ካላረፈበት ከበሩ አይነሱም፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቁጭ። የሌላው ሰው ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ለወር ሲተኛ የሳቸው በሳምንቱ ተመርቶ ይወጣ ነበር። የተማረውም የተከበረውም ሰው ወረቀት ሲጠፋ አይቻለሁ፣ የሳቸው ግን ጠፍቶ አያውቅም፣ ቁጥር ያለው ወረቀት ከጠፋ መጠየቅ አለዋ።

አንቺም እንደሳቸው አድርጊ። ደብዳቤሽ አንድ ገጽ አይሙላ፣ ኑሮሽን አታልቅሺበት፣ የደንበኛ ቁጥርሽን፣ ቢሉ የሚለውን፣ ቆጣሪው የሚለውን፣ ፎቶ ያነሳሽበትን ቀን፣ በመጨረሻ ጉዳዩ እስኪጣራ ውሃው እንዳይቆረጥ ብለሽ ጨርሺ። የለመድሽውን ያህል ልክፈል ብለሽ ጠይቂ፣ እሺ ካሉ ጥሩ። ሙሉውን ካልከፈልሽ ካሉና ከፈራሽ ክፈይ፣ ግን ደብዳቤው ላይ «ቅሬታዬ እንደተጠበቀ ሆኖ» በይበት። ካልመለሱልሽ ከሃላፊው በላይ የውሃ ቦርድ የሚባል አለ፣ ብዙ ከተማ ውስጥ የውሃ አገልግሎቱ በቦርድ ነው የሚመራው። ከዛ የከተማው አስተዳደር ቅሬታ ሰሚ አለ። የትም ስትሄጂ ያችን ቁጥር ያላትን ኮፒ ይዘሽ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፣ የተወለደችው ቤት ውስጥ ነው፣ አሁን የልደት ካርድ አምጡ ተባልን። ቀበሌ ስሄድ «ጊዜው አልፎበታል» ብለው መለሱኝ። አሁን ልጄ አልተወለደችም ማለት ነው?
*ከምዕራብ ጎጃም፣ የአንድ ልጅ አባት*

መልስ፦ ተወልዳለች ወንድሜ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት፣ ሰባት ዓመት ዘግይቼም ቢሆን። የወሳኝ ኩነት አዋጁ 760/2004 ነው፣ በእርግጥም ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል፣ ጋብቻና ሞት ደግሞ በ30 ቀን። ግን ጊዜው አለፈ ማለት ምዝገባው ቀረ ማለት አይደለም፣ ጊዜው ካለፈ በኋላም ይመዘገባል፣ ማስረጃው ይበዛብሃል እንጂ። «አልፎበታል» ላሉህ ሰውዬ «ጊዜው ቢያልፍም ይመዝገብልኝ» ብለህ ተመለስ።

ማስረጃ ከየት አመጣለሁ ካልክ መጀመሪያ የክትባት ካርዷን ፈልግ። ቤት ብትወለድም የጤና ኤክስቴንሽኗ ከትባታለች፣ የተወለደችበት ቀን እዛ ላይ አለ፣ ካርዱ ከጠፋ ጤና ኬላው መዝገብ ላይ ይኖራል። ክርስትና የተነሳችበት ቤተክርስቲያንም ወረቀት ከሰጣችሁ ያዘው። የሚመዘገበው እናንተ በቋሚነት በምትኖሩበት ቀበሌ ነው፣ እናትየው ወላጆቿ ጋ ሄዳ አርሳ ከሆነ እዛ እንዳትሄድ።

ከሁሉ በላይ ግን ስም! እባክህ ስሙን ተጠንቀቅ። አንዱ ወረቀት ላይ ዓለምነህ፣ ሌላው ላይ አለምነህ፣ ፋይዳ መታወቂያው ላይ በእንግሊዝኛ ሌላ ሶስተኛ ነገር፣ ከዛ ልጅቷ አስራ ስምንት ዓመት ሲሞላት የተለያየ ሰው ነሽ ትባላለች። ፋይዳ አሻራና የዓይን ብሌን ይወስዳል፣ አንድ ሰው መሆኗን ያውቃል፣ የተጻፈውን ፊደል ግን እናንተ እንደነገራችሁት ነው የሚይዘው። መዝጋቢው ከመፈረሙ በፊት ስክሪኑን ወደኔ አዙርልኝ በለው፣ አትፈር፣ አይቆጣም፣ የልጅቷን፣ ያንተን፣ የአያቷን፣ የእናቷን በፊደል አንብብ። የልደቱንም ቀን በኢትዮጵያ ነው በፈረንጅ የሚለውን እይ። ጥር የተወለደች ልጅ ባንድ መዝጋቢ ስህተት የሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ልዩነት ገብቶባት አይቻለሁ፣ ፍርድ ቤት ሄዳ ነው የተስተካከለላት።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን ለኮብልስቶን ብለን በነፍስ ወከፍ አዋጥተን ሁለት ዓመት አለፈን። ድንጋዩ መንገድ ዳር ተከምሮ ሳር በቅሎበታል። ብሩ የት ነው ብለን ስንጠይቅ ይሄ የመስሪያ ቤቱ ሚስጥር ነው ተባልን። እውነት ሚስጥር ነው?
*አምስት ጎረቤታሞች*

መልስ፦ አይደለም። ያዋጣችሁት ብር ሚስጥር የሚሆነው ለሌባ ብቻ ነው፣ ሌባ አለ እያልኩ አይደለም፣ ዋጋ ጨምሮ ስራው ቆሞም ይሆናል፣ ግን ይነገራችሁ። የመረጃ ነጻነት አዋጅ የሚባል አለ፣ ቁጥሩ 590/2000፣ ማንኛውም ሰው ከመንግስት መስሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል ይላል፣ ለምን ፈለግክ ተብሎ ምክንያት ማቅረብ የለበትም። ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ መሰጠት አለበት፣ አንሰጥም ካሉም ምክንያቱን ጽፈው ነው። ለህዝብ ግንኙነቱ አስገቡ፣ አምስታችሁም ፈርሙ፣ ስንት ተሰበሰበ፣ በየትኛው አካውንት ገባ፣ ስንት ወጪ ሆነ፣ ስራውን ማን ያዘው ብላችሁ አራት ጥያቄ ብቻ። የከፈላችሁበትን ካርኒ ኮፒ አያይዙ። ካርኒ ሳይቆረጥላችሁ ከፍላችሁ ከሆነ… እሱን ቀድማችሁ ለራሳችሁ ንገሩ።

30 ቀኑ ካለፈ እንባ ጠባቂ አለ፣ ባህርዳር ቅርንጫፍ አለው። አቤቱታ ለማቅረብ ገንዘብ አይከፈልም፣ በቃልም ይቀበላሉ፣ ሁልጊዜ ጽሁፍ ካልሆነ አይሉም። ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ግን አያዩም፣ ስለዚህ ሁለቱንም ባንዴ አትጀምሩ። መንገዱ እንዲህ ሆኖ ባህርዳር መሄዱ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ከአምስታችሁ አንዱ ለሌላ ጉዳይ የሚወጣ ካለ ወረቀቱን ይዞ ይሂድ፣ ለብቻው ጉዞ አታድርጉት።

ጥያቄ፦ ጋሼ እርስዎ ሁልጊዜ ጻፉ ጻፉ ይላሉ፣ እኔ መጻፍ አልችልም፣ ልጄም አዲስ አበባ ነው። ራፖር ጸሐፊው ደግሞ ገጽ ቆጥሮ ነው የሚያስከፍል።
*እናት፣ ከደጀን መንገድ*

መልስ፦ እትዬ፣ እሱማ ልክ ነዎት። ገጽ ስለሚቆጥር ነው እኮ «ክቡርነትዎ፣ ከፍ ባለ ትህትና» እያለ ሶስት መስመር የሚበላው። ቁጭ ከማለትዎ በፊት ሶስት ነገር ብቻ ጻፍልኝ ይበሉት፣ ምን ሆነብኝ፣ መቼ፣ ምን እንዲደረግልኝ እፈልጋለሁ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ጨርሶ ሲሰጥዎ ጮክ ብሎ ያንብብልዎ፣ ያላሉት ካለ ያስጠፉት፣ ከዛ ሁለት ኮፒ። የጎረቤት ተማሪ ካለም ይሞክረው፣ የስምንተኛ ክፍል ልጅ አሳምሮ ይጽፈዋል፣ ለሱ ቆሎ ይበቃዋል።