ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የታይሮይድ ክኒኔን ላቁም?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 29 ዓመቴ ነው። ታይሮይዴ በቂ ሆርሞን ስለማያመነጭ ሌቮታይሮክሲን ከጀመርኩ 3 ዓመት ሆነኝ። አሁን የ8 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። ስመረመር ቲኤስኤች የሚባለው የታይሮይድ የደም ምርመራ 6.1፣ ደም ግፊቴ ደግሞ 126/82 ሆነ። ጎረቤቴ «ክኒኑ ጽንሱን ይጎዳል፣ ተይው» አለችኝ። ታይሮይድ ያለባት ሴት ስታረግዝ ግፊት አይቀርላትም ሲባልም ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት። ክኒኑን በፍጹም እንዳያቆሙ! ጎረቤትዎ አስበውልዎት ነው፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ክኒኑ ሰውነትዎ ራሱ ሊያመነጨው ይገባ የነበረው ሆርሞን ነው። ጽንሱ እስከ እርግዝናው አጋማሽ ድረስ በአብዛኛው የእርስዎን ነው የሚጋራው። ስለዚህ ብዙ ሴቶች ሲያረግዙ መጠኑ ከ25 እስከ 50 በመቶ ይጨመርላቸዋል። ቲኤስኤች የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ ይላል፤ የእርስዎ ከ2.5 በታች ቢሆን ይመረጣል፤ 6.1 ከፍ ብሏል። ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚህ ሳምንት ሐኪምዎን ያግኙ። ከዚያ በየ4 ሳምንቱ ይለካል።

እግረ መንገዴን ልጠይቅዎት፦ ክኒኑን የሚውጡት ከምን ጋር ነው? ጠዋት ከአይረን ክኒን ጋር በአንድ ጉንጭ ውኃ የሚውጡ ብዙ አይቻለሁ። አይረንና ካልሲየም አንጀት ውስጥ ይይዙታል፣ ወደ ደም አያልፍም። በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ይውሰዱት፤ አይረኑን ከዚያ ቢያንስ 4 ሰዓት ያህል ቆይተው ይውሰዱ።

ወደ ግፊቱ ስንመጣ፣ የሰሙት ግማሹ እውነት ነው። ሆርሞኑ ሲያንስ የደም ሥሮች ይጠነክራሉ፤ በተለይ የታችኛው ቁጥር ከፍ ይላል። ካልታከመ ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው የእርግዝና ግፊት የመምጣት ዕድሉ ይጨምራል። ከልክ በላይ የሚሠራ ታይሮይድም ካልታከመ እንዲሁ ነው። «አይቀርላትም» የሚለው ግን ስህተት ነው። በደንብ የታከመች ሴት ስጋቷ በብዙ ይቀንሳል።

ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ፕሪኤክላምፕሲያ በዋናነት ከእንግዴ ልጁ የሚነሳ ችግር ነው፤ የታይሮይድ ክኒን ብቻውን አይከለክለውም። 126/82 ግፊት አይባልም። ቢሆንም በየክትትሉ ይለኩ፣ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ። ሲለኩ 5 ደቂቃ ዐርፈው፣ እግርዎን መሬት አስረግጠው፣ ሳያወሩ ይሁን።

140/90 ከደረሰ በቶሎ ለሐኪምዎ ይንገሩ። 160/110 ከሆነ፣ ወይም የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከቀኝ ጎድን ሥር ሕመም ወይም ድንገተኛ የፊት እብጠት ከመጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።